ከአማርኛው «በ» ወደ እንግሊዝኛው «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት»፦ የመስተዋድድ ዓይነቶችና አጠቃቀም ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማዋ ወደ ማለቂያዋ በተቃረበችበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ የሰፈር ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። በቅርቡ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ራሷን እንድታስተዋውቅ በተሰጣት የቤት ሥራ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋ መጣች፦ «አይ ሊቭ አት አዲስ አበባ፣ ኢን ፎርዝ ፍሎር። ኤቭሪ ዴይ አይ ጎ ስኩል ዊዝ ታክሲ።» በአማርኛ ያሰበችው ዓረፍተ ነገር እንከን የለውም፤ በአዲስ አበባ፣ በአራተኛ ፎቅ ትኖራለች፣ በታክሲም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሦስቱም ቦታ ላይ ያለው ቃል ያው «በ» ነው። እንግሊዝኛው ግን ለመጀመሪያው «ኢን»፣ ለሁለተኛው «ኦን»፣ ለሦስተኛው «ባይ» ይፈልጋል፤ «ትምህርት ቤት» ከሚለው ፊት ደግሞ አማርኛው ምንም ያላስቀመጠበት ቦታ ላይ «ቱ» ያስገባል። «አትን ለምን መረጥሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ኢን ሁለት ጊዜ እንዳይደጋገም ብዬ ነው» አለችኝ። መስተዋድዱን፣ ማለትም ዝምድና አመልካቹን ቃል፣ የመረጠችው የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው ነበር።

ብዙዎቻችን መስተዋድድን የተማርነው እንዲሁ ነው፤ ከሰሌዳ ላይ ዝርዝር ገልብጠን፣ ከጎኑ የአማርኛ ፍች ጽፈን። በእኔ እምነት ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ዝርዝር ነው፤ «ኢን» ማለት «በ» ነው፣ «አት» ማለትም «በ» ነው ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር ማንንም ሊያስመርጥ አይችልም። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ ቃልን በቃል ከመተርጎም ይልቅ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና አስቀድሞ መለየትን ይጠይቃል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በሚሰሙት ድምፅ በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ፤ በደብተርዎ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የራስዎን «በ» ይበትኑ

አንድ ገጽ ይውሰዱና «በ» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከዕለት ንግግርዎ እየለቀሙ ይጻፉ። ሥጋውን በቢላዋ ቆረጥኩ። በእግር መጣሁ። ሌባው በመስኮት ገባ። ቦርሳዬ በሌባ ተሰረቀ። ደብተሩን በሃምሳ ብር ገዛሁ። ዜናውን በሬዲዮ ሰማሁ። በሁለት ሰዓት እንገናኝ። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ አጠገብ «በ» የሚሠራውን ሥራ በአማርኛ ያስፍሩ፦ መሣሪያ፣ የአካሄድ ሁኔታ፣ ማለፊያ፣ አድራጊ፣ ዋጋ፣ መገናኛ፣ ሰዓት፣ ችሎታ። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ በቅደም ተከተል «ዊዝ»፣ «ኦን»፣ «ስሩ»፣ «ባይ»፣ «ፎር»፣ «ኦን»፣ «አት» እና «አት» ይላል። ከዚህ በኋላ የሚመርጡት ከ«በ» ተነሥተው ሳይሆን ከጎኑ ከጻፉት የሥራ ስም ተነሥተው ይሆናል።

«ለ» እና «ከ»ም በዚሁ ዓይነት መበተን አለባቸው። ለእናቴ ሰጠሁ ሲሆን «ቱ» ነው፤ ለእናቴ ገዛሁ ሲሆን ግን «ፎር» ይሆናል፤ በመጀመሪያው ዕቃው እጇ ገብቷል፣ በሁለተኛው ለእርሷ ታስቦ ተገዛ እንጂ ገና ላይደርሳት ይችላል። «ከ» ደግሞ ከአምቦ መጣሁ ሲባል «ፍሮም»፣ ከእናቴ ጋር ሲባል «ዊዝ»፣ ከወንድሜ እበልጣለሁ ሲባል «ዛን»፣ ከሰኞ ጀምሮ ሲባል «ሲንስ» እየሆነ ይለዋወጣል።

ስለ ቅርጻቸው ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ነጠላ የሆኑ አሉ፣ እንደ «አት»፣ «ፎር» እና «አንደር»። ከሁለት ቃል ተገጣጥመው አንድ የሆኑ አሉ፣ እንደ «ኢንቱ» እና «ዊዚን»። በርካታ ቃላት ተሰልፈው እንደ አንድ መስተዋድድ የሚሠሩም አሉ፣ እንደ «ኢን ፍሮንት ኦቭ» እና «ቢኮዝ ኦቭ»። ከግስ የተገኙ፣ በደብዳቤና በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚዘወተሩ እንደ «ሪጋርዲንግ» ያሉም ይገኛሉ። ልብ ሊባል የሚገባው የአቀማመጣቸው ነገር ነው፤ አማርኛ «ከአልጋው ሥር» ብሎ ዝምድናውን በስሙ ፊትና ኋላ ሲያካፍለው፣ እንግሊዝኛ ሙሉውን ከስሙ ፊት ያደርገዋል፤ «አንደር ዘ ቤድ»።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ቦታውን እንደ ነጥብ፣ እንደ ገጽ ወይም እንደ መያዣ ይዩት

እንግሊዝኛ ስለ ቦታ ሲናገር አስቀድሞ ቦታውን በዓይነ ልቡናው ይስለዋል። ዙሪያው ታጥሮ ነገሩን የሚይዝ ሆኖ ከታየው «ኢን»፣ ነገሩ የሚያርፍበት ወይም የሚለጠፍበት ገጽ ሆኖ ከታየው «ኦን»፣ ስፋቱና ውስጡ ሳይታሰብ በካርታ ላይ እንደ ተቀመጠች ነጥብ ሆኖ ከታየው «አት» ይላል። ስለዚህ ከተማ፣ ሰፈር፣ አገርና ክፍል መያዣ ናቸው፤ «ኢን አዲስ አበባ»፣ «ኢን ኮዬ ፈጬ»። ፎቅ ሰው የሚቆምበት ወለል ስለሆነ «ኦን ዘ ፎርዝ ፍሎር» ይባላል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕልም «ኦን ዘ ዎል» ነው፣ ባይተኛበትም ገጹን ነክቶታልና። ታክሲ የሚጠበቅበት ቦታ፣ የበር ደጃፍ፣ የወረፋ መጨረሻ ነጥቦች ስለሆኑ «አት» ይወስዳሉ።

ያው አንድ ቦታ እንደ አመለካከታችን መስተዋድዱን ይቀይራል፤ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። አዳማ ለሚኖርባት ሰው መያዣ ናት፤ «ኢን አዳማ» ይላል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ መንገደኛ ግን አዳማ የጉዞው አንድ ነጥብ ልትሆን ትችላለች፤ አውቶቡሱ «ስቶፕድ አት አዳማ» ቢል ትክክል ነው። «ጥግ» የሚለው ቃላችንም ለሁለት ይከፈላል፤ የክፍሉ ጥግ ነገሩን ከሁለት ወገን አቅፎ ስለሚይዝ «ኢን ዘ ኮርነር» ሲሆን፣ የመንገዱ ጥግ ከውጭ የሚታይ መታጠፊያ ስለሆነ «አት ዘ ኮርነር» ይባላል። ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ይህን ቢያሳስት ሊያስቅ ይችላል፤ ማንም ባለ ሱቅ ደንበኛውን በክፍል ጥግ ቆመህ ጠብቀኝ አይለውም።

ተሽከርካሪ ላይ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ሰው ቆሞ የሚራመድበት አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን «ኦን» ሲወስዱ፣ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት መኪናና ታክሲ «ኢን» ይወስዳሉ። የእኛን ሚኒባስ ታክሲ ጣራው ራሳችንን እያስደፋን የተሳፈርን ሰዎች ለዚህ ልዩነት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ሦስተኛው እርምጃ፦ እንቅስቃሴ ሲኖር መስተዋድዱን ያንቀሳቅሱት

በአማርኛ አቅጣጫውን የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ግሱ ነው። ቤት ገባሁ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ደረስኩ ስንል ከስሙ ፊት ምንም ሳናስቀምጥ አቅጣጫው ይገባል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሸክም ለመስተዋድዱ ይሰጠዋል፤ ከ«ጎ» በኋላ «ቱ» የግድ ነው። እንደ «ሆም» ያሉ ጥቂት ቃላት ብቻ ከዚህ ነፃ ወጥተዋል፤ «ጎ ሆም» እንጂ «ጎ ቱ ሆም» አይባልም። ውስጥ መሆንና ወደ ውስጥ መግባትም ይለያሉ፤ «ኢን» ያለበትን ሲናገር «ኢንቱ» መግባቱን፣ «ኦን» ያረፈበትን ሲናገር «ኦንቱ» መውጣቱን ይገልጻል። «አክሮስ» ሜዳን ወይም መንገድን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ «ስሩ» ግን ዙሪያው ባለው ነገር ውስጥ ዘልቆ ማለፍ ነው፣ እንደ መስኮት፣ እንደ ጫካ፣ እንደ ገበያ ግርግር።

«ቱ» እና «አት» በእንቅስቃሴ ላይ ሲገናኙ አማርኛችን በጣም ያግዘናል። ኳሱን ወረወረልኝ እና ድንጋይ ወረወረብኝ ስንል «ል» ለጥቅም፣ «ብ» ለጉዳት መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ይህንኑ በመስተዋድድ ይለየዋል፤ እንድቀልበው ሲወረውርልኝ «ስሩ ኢት ቱ ሚ»፣ ሊመታኝ ሲወረውርብኝ «ስሩ ኢት አት ሚ»። መወርወርና ማለፍ በፊደላችን አንድ ሆነው ቢታዩም በላቲኑ አጻጻፋቸው የተለያየ ነው። «ሻውት ቱ» ከሩቅ እንዲሰማ መጣራት ሲሆን «ሻውት አት» ሰው ላይ መጮህ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው አትን ለጠብ ነው የምንጠቀምበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ አይደለም፤ «ስማይል አት» ፈገግ ማለት ነው። የሚያመለክተው ዒላማን ነው፤ ዒላማው ላይ የሚያርፈው ድንጋይም ፈገግታም ሊሆን ይችላል።

አራተኛው እርምጃ፦ ጊዜን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይደርድሩት

የቦታው አሳብ ለጊዜም ይሠራል። ወር፣ ወቅት፣ ዓመትና ምዕተ ዓመት ሰፊ መያዣዎች ስለሆኑ «ኢን» ይወስዳሉ፤ ቀንና ቁርጥ ያለ ዕለት «ኦን»፣ የሰዓት ነጥብ «አት» ይወስዳል። በመስከረም ስንል «ኢን»፣ መስከረም 1 ቀን ስንል «ኦን»፣ በሁለት ሰዓት ስንል «አት» ነው። ጠዋት፣ ከሰዓትና ምሽት «ኢን ዘ» ይላሉ፤ ሌሊት ግን «አት ናይት» ነው፤ የዕለቱ ስም ሲጨመር ደግሞ ዕለቱ ያሸንፍና «ኦን መንዴይ ሞርኒንግ» ይሆናል። «ላስት»፣ «ኔክስት»፣ «ዚስ» ወይም «ኤቭሪ» በፊቱ ካለ መስተዋድድ አይገባም። ለእኛ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ «አት ኤይት» ነው። መስተዋድዱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ በስድስት ሰዓት ቢሳሳት ቀጠሮውን የሚያድነው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሱት ሦስት ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው።

ስለሚመጣ ነገር ሲነገር «ኢን ስሪ ዴይስ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ ነው እንጂ በሦስት ቀን ውስጥ አይደለም። የእኛ ጆሮ «ኢን»ን ሲሰማ ወዲያው «ውስጥ» ብሎ ይተረጉመዋል። ዕቃው «ኢን ስሪ ዴይስ» ይደርሳል የተባለ ሰው በማግሥቱ ሄዶ ቢጠይቅ ዕቃውን አያገኝም። በሦስት ቀን ውስጥ ለማለት «ዊዚን» አለ።

ሁለተኛው «እስከ» ነው። እስከ ዓርብ እዚህ እቆያለሁ እና እስከ ዓርብ ሥራውን አስረክብ በአማርኛ አንድ ቃል ቢጋሩም ዝምድናቸው ለየቅል ነው፤ በመጀመሪያው መቆየቱ ሳይቋረጥ ዓርብ ይደርሳል፣ በሁለተኛው ማስረከቡ ከዓርብ ሳያልፍ አንድ ጊዜ ይፈጸማል። የሚቀጥለው «አንቲል»፣ ቀነ ገደቡ «ባይ» ነው። በእኛ ብሎክ የሚኖር አንድ ወጣት ለአሠሪው «አይ ዊል ፊኒሽ ኢት አንቲል ፍራይዴይ» ብሎ ጽፎ ኖሮ፣ አሠሪው ምን ለማለት እንደ ፈለገ መልሶ ጠየቀው። መልእክቱን ሲያሳየኝ በ«ባይ» ለወጥንለት። ለራስዎ ለመፈተን አማርኛውን «ሳያልፍ» በሚለው ይተኩት፤ ከዓርብ ሳያልፍ ብለው ትርጉሙ ካልተናጋ «ባይ» ነው።

ሦስተኛው «ፎር» እና «ሲንስ» ናቸው። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት፣ «ሲንስ» መነሻውን ይናገራል፤ «ፎር ስሪ ይርስ»፣ «ሲንስ መንዴይ»። ይህን ያህሉን አብዛኛው ተማሪ ያውቀዋል። የሚስተው ግሱ ላይ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ ስንል አማርኛው በአሁን ጊዜ ግስ ስለሚናገር «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛው ከትናንት ተነሥቶ እስከ አሁን የደረሰ ነገርን በሌላ የግስ ቅርጽ ይናገረዋል፤ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ»። «ሲንስ» በዚህ አሳብ ሲመጣ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» አብሮት እንዳለ ይመልከቱ። ዓመተ ምሕረቱንም መቀየር አይርሱ።

አምስተኛው እርምጃ፦ አድራጊ፣ መሣሪያ፣ ሥሪትና ወገን

አድራጊ «ባይ»፣ መሣሪያ «ዊዝ» ይወስዳል፤ በሌባ ተሰረቀ «ባይ»፣ በቢላዋ ተቆረጠ «ዊዝ»። የመጓጓዣ ዓይነት ሲጠቀስም «ባይ» ነው፣ ስሙ ብቻውን ሲቆም። የማን መኪና እንደሆነ ከተናገሩ «ባይ» ቦታውን ይለቅቃል፤ «ባይ ካር» ትክክል ሲሆን በወንድሜ መኪና ለማለት «ኢን ማይ ብራዘርስ ካር» ይባላል። በእግር ግን «ኦን ፉት» ነው።

ሥሪትን በተመለከተ መሶብንና ጠላን ጎን ለጎን ያስቡ። ሁለቱንም ከምን እንደተሠሩ ስንናገር «ከ» እንላለን። መሶቡን ያየ ሰው ስንደዶውንና አክርማውን አሁንም በዓይኑ ያየዋል፤ ስለዚህ «ሜድ ኦቭ» ነው። በጠላው ጣሳ ውስጥ ግን ገብሱንና ጌሾውን ፈልጎ የሚያገኝ የለም፣ ተለውጠዋልና «ሜድ ፍሮም» ይሆናል።

«ቢትዊን» ለሁለት፣ «አመንግ» ከሁለት ለበለጡ ነው የሚለው የትምህርት ቤት ሕግ ግማሽ እውነት ነው። እያንዳንዳቸው ተለይተው ከተቆጠሩ ሦስትም አራትም ቢሆኑ «ቢትዊን» ይባላል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መጋቢት 2015 በካርቱም የተፈረመው፣ ስለ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የወጣው የመርሆዎች ስምምነት ግብፅን፣ ኢትዮጵያንና ሱዳንን የሚያገናኘው በ«ቢትዊን» ነው። «አመንግ» በጅምላ ለታዩ፣ በሕዝብ መካከል፣ በዛፎች መካከል ለሚሉት ይስማማል።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ግሱን ከነመስተዋድዱ ይያዙ

እዚህ ላይ አመክንዮ ያልቃል፤ ጓጉንቸር ከነቁልፉ እንደሚገዛ ሁሉ ግሱና ቅጽሉ ከነመስተዋድዳቸው መያዝ አለባቸው። በልጁ ይኮራል ሲሆን «ፕራውድ ኦቭ»፣ በሒሳብ ጎበዝ ሲሆን «ጉድ አት»፣ በውጤቱ ተደሰተ ሲሆን «ፕሊዝድ ዊዝ»፣ ኢትዮጵያ በቡና ትታወቃለች ሲሆን «ፌመስ ፎር»፣ በፈጣሪ ያምናል ሲሆን «ቢሊቭ ኢን» ነው። አምስቱም «በ» ናቸው፤ አምስቱም በእንግሊዝኛ ይለያያሉ።

ይህን ሸክም የሚያቀልለው ሁለት ዓምድ መሥራት ነው። በአንደኛው ዓምድ አማርኛው መስተዋድድ ሳይፈልግ እንግሊዝኛው የሚፈልግባቸውን ይጻፉ፦ ታክሲ ጠበቅኩ «ወይት ፎር»፣ ሬዲዮ አዳመጥኩ «ሊስን ቱ»፣ ቁልፉን ፈለግኩ «ሉክ ፎር»፣ ልጁን ተመለከትኩ «ሉክ አት»። በሁለተኛው ዓምድ አማርኛው ሲፈልግ እንግሊዝኛው የማይቀበልባቸውን ያስፍሩ፦ ስለ ጉዳዩ ተወያየን «ዲስከስ» ብቻ፣ ለእናቴ ነገርኳት «ቴል» ብቻ፣ ለእርሱ ደወልኩለት «ኮል» ብቻ፣ ለጥያቄው መለስኩ «አንሰር» ብቻ፣ ከእርሷ ጋር ተጋባ «ማሪ» ብቻ። «ዲስከስ አባውት» በስብሰባዎቻችን ላይ ተደጋግሞ ከመሰማቱ የተነሣ ትክክለኛው ለጆሮ እንግዳ እስኪመስል ድረስ ደርሷል። «ኤክስፕሌይን» ግን ለሰው ሲሆን «ቱ» ይፈልጋል፤ «ቴል ሚ» ብለው «ኤክስፕሌይን ሚ» ማለት አይቻልም።

ሰባተኛው እርምጃ፦ ከመስተዋድዱ ቀጥሎ የሚመጣውን ይፈትሹ

ከመስተዋድድ በኋላ ስም ወይም ስም የሚሆን ነገር ይመጣል። ተውላጠ ስም ከሆነ የተሳቢውን ቅርጽ ይይዛል፤ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» እንጂ «አይ» አይባልም። ግስ ከሆነ «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ «አፍተር ኢቲንግ»፣ «ጉድ አት ራይቲንግ»። ፈተናው «ቱ» ላይ ነው፣ ምክንያቱም «ቱ» አንዳንዴ መስተዋድድ፣ አንዳንዴ የግስ መነሻ ምልክት ነው። በናፍቆት መጠበቅን በሚናገረው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ መስተዋድድ ስለሆነ «ሲይንግ ዩ» ይከተለዋል። ጥርጣሬ ሲገባዎ በግሱ ቦታ ስም አስገብተው ይሞክሩት፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ማለት ከተቻለ መስተዋድድ ነው።

መስተዋድድ ስሙን ፊቱ ትቶ ወደ መጨረሻ የሚሸሽበትም ጊዜ አለ። «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» የሚለውን ተማሪዎች መጨረሻውን ቆርጠው «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ» ይሉታል። አማርኛው ግን ይህን ቁራጭ ፈጽሞ አይጥለውም፤ የምኖርበት ቤት፣ የምጽፍበት እስክሪብቶ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር፣ የገዛሁለት ልጅ እንላለን። «በት» እና «ለት» በግሱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው የቀሩ መስተዋድዶች ናቸው። የምኖር ቤት ማለት እንደማይቻል ሁሉ በእንግሊዝኛውም «ኢን» መጣል የለበትም፤ እስክሪብቶው «ዊዝ»፣ ወንበሩ «ኦን»፣ ልጁ «ፎር» ይቀርለታል። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ መጨረስ የለበትም የሚለውን ክርክር ባለቅኔው ጆን ድራይደን እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1672 ቀደም ሲል የነበረውን የጸሐፌ ተውኔቱን የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ በመንቀፍ አንሥቶት ነበር፤ ዛሬ በተለመደው እንግሊዝኛ እንደ ስህተት አይቆጠርም። ለማመልከቻ ደብዳቤ ብቻ «ኢን ዊች» ብለው ወደ ፊት ቢያመጡት ይመረጣል።

ልምምዱ

በሳምንት አንድ ቀን ከቤትዎ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን መንገድ በአማርኛ አሥር ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት። በየዓረፍተ ነገሩ ያለውን «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «እስከ» እና «በት» ያክብቡ፤ ከክቡ በላይ የሥራውን ስም በአማርኛ ያስፍሩ፤ እንግሊዝኛውን የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። ግሱ ወይም ቅጽሉ የራሱ መስተዋድድ እንዳለው እርግጠኛ ካልሆኑ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈልጉት ግሱን ነው እንጂ መስተዋድዱን አይደለም፤ «ፎር» ሥር ገጽ ሙሉ ፍች ይጠብቅዎታል፣ «ወይት» ሥር ግን ምሳሌው ወዲያው «ፎር»ን ያሳይዎታል። እንግሊዛውያን «አት ዘ ዊኬንድ» ሲሉ አሜሪካውያን «ኦን ዘ ዊኬንድ» ስለሚሉ ከሁለቱ አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

ያቺ ተማሪ በሁለተኛው ቅዳሜ በክብ የተሞላ ገጽ ይዛ መጣች። «አይ ሊቭ ኢን አዲስ አበባ፣ ኦን ዘ ፎርዝ ፍሎር። ኤቭሪ ሞርኒንግ አይ ወይት ፎር ኤ ታክሲ አት ዘ ጌት፣ ኤንድ አይ ጎ ቱ ስኩል ባይ ታክሲ።» ከገጹ ግርጌ በአማርኛ አንድ ጥያቄ ጽፋለች፦ «ቲቸር፣ ታክሲው ሞልቶ በር ላይ ተንጠልጥዬ ብሄድስ፣ ኢን ነው ኦን?»